በደቂቃ ወይስ በኪሎዋት ሰዓት?

በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ለበዓል ወደ ጋፋትና ደብረ ታቦር በኤሌክትሪክ መኪና መሄድ የሚሹ ወዳጆቼ አንድ ጥያቄ ያነሡብኛል። መንገዱ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ መሃል ላይ ቻርጅ ማድረግ ግድ ነው፤ ታዲያ ሒሳቡ በምን ይሰላ?

በእኔ እምነት በኪሎዋት ሰዓት ነው። ይህ ለኤሌክትሪክ፣ ሊትር ለቤንዚን እንደሆነው ነው። በደቂቃ ከሆነ ግን ባትሪው 80 በመቶ ካለፈ በኋላ አሞላሉ ስለሚዘገይ፣ ደንበኛው ትንሽ ኃይል ወስዶ ብዙ ይከፍላል።

የወረታን ዳገት እንውሰድ። እስከ ደብረ ታቦር ድረስ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። 2,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ለከፍታው ብቻ 5 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዋጋው በዚህ መለኪያ ከተነገረው ተጓዡ ወጪውን ቀድሞ ያሰላል፤ በደቂቃ ከሆነ ግን አይችልም።

ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ጣቢያ ክፍያውን በቴሌብር ይቀበላል። መልካም ነው። ኔትወርክ በሚጠፋበት አገር ግን ጥሬ ገንዘብም መቀበል ይገባል።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን እንዲለጥፍ ያዝዛል። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ኬብሉን ከመሰካትዎ በፊት የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ይጠይቁ፤ ሞልቶ ለመቆም ይከፈል እንደሆነም ያጣሩ፤ ደረሰኝ ይቀበሉ።

ጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን መቅደላ ያደረሰው የሰው ጉልበት ነበር። መኪናችንንም እንዲሁ ከመግፋት ይሰውረን!