አገልግሉ ቤት የቀረበት ጉዞ

ጉዞ ሲነሣ በብዙዎቻችን ሴቶች ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው ሥራ ነው። ሠርግ ብንጠራ የምንገባው በጓዳ በኩል ነው። ለቅሶ ብንደርስ ከእንባው ቀጥሎ የሚጠብቀን የሚላጥ ሽንኩርት ነው። ዘመድ ጥየቃ ብንሄድም የዘመዱን ምጣድ አስሰን፣ የዘመዱን ሲኒ አጥበን እንመለሳለን። ወንዶቹ «ደህና አየር ተቀብለን መጣን» ሲሉ እኛ የተቀበልነው የሰው ቤት ጭስ ነው። ስለዚህ ባልና ሚስት ለዕረፍት ብለው ብቻ አብረው ከቤት መውጣታቸው በአካባቢያችን እንደ ቅብጠት ቢቆጠር አያስደንቅም።

እኔም እስካለፈው ታኅሣሥ ድረስ የማስበው እንዲሁ ነበር። ይህንን ጽሑፍ ለአንባቢያን ለማቅረብ የተነሣሣሁት አንድ የሁለት ቀን ጉዞ ይህን ሐሳቤን ስላስለወጠኝ ነው። የሄድንበትም ሩቅ አገር አይደለም። ከኮምቦልቻ ደሴ፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው።

ኮምቦልቻ እንደሚታወቀው የፋብሪካ ከተማ ናት። በ1970ዎቹ የተቋቋመው ጨርቃ ጨርቅ፣ ብረታ ብረቱ፣ ቢራ ፋብሪካው፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ እነዚህ ሁሉ ባሉበት ከተማ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የሚመራው በፈረቃ ነው። ባለቤቴም ከእነዚሁ ሠራተኞች አንዱ ነው፤ እኔ አስተማሪ ነኝ። የሌሊት ፈረቃ በሚደርሰው ሳምንት እሱ ሲገባ እኔ እወጣለሁ፤ እኔ ስገባ እሱ ይተኛል። ልጆቻችን የሚያዩን በየተራ ነው። በጋብቻችን በ11ኛው ዓመት በአንድ ጣሪያ ሥር የምንኖር ሁለት ደህና ጎረቤቶች ሆነን ነበር።

አንድ ቀን ማታ የተማሪዎች ደብተር ሳርም ቀና ብሎ አየኝና «መነጽር መቼ ጀመርሽ?» አለኝ። ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆኖኝ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን እቆጣ ነበር፤ ያን ዕለት ግን ዝም አልኩ። ዝምታዬ ከቁጣዬ ይልቅ ሳያስደነግጠው አልቀረም። በማግሥቱ ከሥራ ሲመለስ «ከዓመት ፈቃዴ ልውሰድና ቅዳሜና እሑድ ደሴ እንውጣ» አለኝ።

«ደሴ ማን ታመመ?» አልኩት።

እውነቴን ነበር። ደሴ ለእኛ የሐኪም ቤት፣ የለቅሶና የጉዳይ ከተማ ናት። ያለ ጉዳይ ወጥቼባት አላውቅም።

ዓርብ ማታ ልጆቹን ለእናቴ አደራ ብዬ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ዶሮ ሠራሁ፤ እንጀራ ጋገርኩ፤ አገልግሉን ወልውዬ ማሰናዳት ጀመርኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» አለ።

«ስንቅ ነዋ! የሆቴል ምግብ አይስማማህም። ገንዘቡስ?»

«አገልግሉን ከያዝሽው ወጥ ቤቱን ይዘሽ ወጣሽ ማለት ነው። ከበላን በኋላ የምታጥቢውም አንቺው ነሽ። እዚያ የሚስማማኝን ፈልጌ እበላለሁ፤ አታስቢ።»

ተከራከርን። ልክ ለመሆኑ ማስረጃ ያገኘሁት እኩለ ሌሊት ላይ ገና እግሬን ሳላሳርፍ ራሴን ሳየው ነበር። አገልግሉ ለእናቴና ለልጆቹ ቀረ። በማግሥቱ መናኸሪያ ስንደርስ በእጄ ላይ አንዲት ትንሽ ሻንጣና ጋቢ ብቻ በመኖሩ የረሳሁት ዕቃ ያለ እየመሰለኝ ደጋግሜ ዞር ስል ነበር።

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣው መንገድ በሐረጎ ላይ ይጠማዘዛል። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር ጥቂት ከፍ ብላ ስትገኝ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየር ከፍታ በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀዘቅዝ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ ጉዞ ውስጥ ሰው ከሹራብ ወደ ጋቢ ይሸጋገራል። በታኅሣሥ ደግሞ ደመና ስለሌለ መሬት የቀን ሙቀቷን ሌሊት በትና ታድራለች፤ የደጋው ውርጭ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቦርከናም ከዚያው ከደሴ ወገን ወርዶ ነው በእኛ ከተማ የሚያልፈው።

ሐረጎን ስንወጣ ሁለታችንም ዝም አልን። የዚህን ዝምታ ምክንያት የአካባቢው ሰው ሳልናገርም ያውቀዋል። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ሕዝቡ በዚህ መንገድ ቁልቁል ፈሷል። እናቴ ያን ጊዜ የምትኖረው ደሴ ነበር፤ እኔም ልጆቼን ይዤ እሷን ልጠይቅ ወጥቼ ነበር። ትንሹን አዝዬ፣ ትልቁን እየጎተትኩ፣ እናቴን እየደገፍኩ ሐረጎን በእግሬ ነው የወረድኩት። ኮምቦልቻም ከሰነበትንባት ይልቅ ያለፍንባት ጊዜ ሆነ።

ደሴ ደርሰን አነስተኛ አልጋ ቤት ያዝንና ዕቃችንን አኑረን ወጣን። ፀሐይ ባለበት ሞቅ ይላል፤ ጥላ ውስጥ ሲገቡ ብርዱ አጥንት ይነካል። ከፒያሳ ወዲያ በእግራችን እየተዘዋወርን ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን የአይጠየፍ አዳራሽ አየን። ስሙ ግብር ሲበላበት ታላቅና ታናሽ፣ ባለጸጋና ድኃ አይጠያየፍበትም ከማለት የመጣ ነው። ከተማይቱን የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫነት አሳደጋት እንጂ ስሟን ያወጡላት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ እንደሆኑ ይነገራል፤ እዚያ ሠፍረው ሳሉ ጅራታም ኮከብ በሰማይ አይተው ደስ ስላላቸው ነው ይባላል። በ2014 ዓ.ም. ብዙ ቅርሱ የተዘረፈውን የደሴን ሙዚየምም አንስተን አዘንን።

ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያው ቀን እኩሌታ ከባድ ነበር። የምንነጋገረው አጣን። ስለ ልጆቹ ተነጋግረን ጨረስን፤ ስለ ቤት ኪራይ ተነጋግረን ጨረስን። እኔ ሦስት ጊዜ ወደ ቤት ደወልኩ። በሦስተኛው ላይ እናቴ «እኛ ዶሮአችንን እየበላን ነው፤ ተይን እስቲ» ብላ ዘጋችብኝ። ሥራ በእጁ የሌለ ሰው እጁን የት እንደሚያኖረው አያውቅም፤ እኛም እንዲሁ ነበርን። አንባቢያን ይህ ቢደርስባችሁ ጉዞው የከሸፈ አይምሰላችሁ። ለዓመታት የተዘጋ በር ወዲያው አይከፈትም።

ማታ ብርዱ ሲጠነክር ጋቢ ለብሰን ሻይ ይዘን ተቀመጥን። ያኔ ነው አራት ዓመት በሆዴ ያቆየሁት ጥያቄ የወጣው።

«ያን ቀን ለምን መጥተህ አልወሰድከንም?»

ብዙ ዝም ካለ በኋላ «መጥቼ ነበር» አለ። «መኪና ስላጣሁ በእግሬ ሐረጎን ሽቅብ ወጣሁ። ሰው ሁሉ ወደ ታች፣ እኔ ወደ ላይ። ልጅ ያዘለች ሴት ባየሁ ቁጥር ፊቷን አያለሁ። ከግማሽ በላይ ከወጣሁ በኋላ ተመለሱ ብለው መለሱኝ። ቤት ስደርስ አንቺ ቀድመሽ ደርሰሻል። እግርሽ ቆስሏል። ምን ብዬ ልናገር? ያልደረሰ ሰው ‹መጥቼ ነበር› ቢል ምን ዋጋ አለው ብዬ ተውኩት።»

በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል በአንድ መንገድ ላይ ተላልፈን ኖሯል። እኔ ቂም ይዤ፣ እሱ እፍረት ይዞ፣ ይኸው እስካሁን ድረስ ኖርን። ቤታችን ውስጥ ይህን ለመነጋገር ጊዜ አልነበረም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ሁልጊዜ የሚፈላ ወጥ፣ የሚያለቅስ ልጅ፣ የሚደርስ ፈረቃ ነበር። ሰው የሚከብደውን ነገር ላለመናገር ሥራን የመሰለ መሸሸጊያ የለውም። ያን ሌሊት ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያም ቀስ ብሎ ሌላ ሌላው ጨዋታ መጣ፤ ሳቅም መጣ።

እሑድ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነጭ ሆኖ አድሮ ነበር። ቁርሳችንን በልተን ፀሐይ ሞቅ ስትል ወደ ጦሳ አቀበት ጥቂት ወጣንና ተቀመጥን። ከተማይቱ ከሥራችን በባሕር ዛፉና በቆርቆሮው ጣሪያ መካከል ጢሷን እያወጣች ትታያለች። ባለቤቴ አተኩሮ አየኝና «መነጽሩ ያምርብሻል» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ወረድን።

ከዚያ ወዲህ ኑሯችን ሁሉ ተስተካከለ አልልም። ፈረቃው ያው ነው፤ ደብተሩም ያው ነው። ሆኖም በሳምንት አንድ ምሽት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ለሁለታችን እንዲሆን ተስማምተናል። የዚያን ምሽት ቡና የሚያፈላው፣ ሲኒም የሚያጥበው እሱ ነው። አንድ ሁለት ሲኒ ሰብሯል፤ አልተቆጣሁም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነሣት አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንድ ሠራተኛ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ አለው፤ በሳምንትም ቢያንስ 24 ተከታታይ ሰዓት ያርፋል። የቤት ውስጥ ሥራ ግን የዓመት ፈቃድ የሚሰጠው አዋጅ የለም። የሚስትን ፈቃድ የሚፈርመው ባልና ቤተሰብ ነው። ባል ፈቃድ ወስዶ ቤት ሲቀመጥ ለሚስት የሚጨምረው አንድ ተመጋቢ ከሆነ፣ ያረፈው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ይህንን ለመሞከር ለምትፈልጉ ባልና ሚስቶች ጥቂት ምክር አለኝ። በመጀመሪያ ሩቅ አትመኙ፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ዕረፍቱን ይበላዋል። የደሴ ሰው ብርድ ሲሰለቸው ሙቀት ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ ቢወርድ ያው ነው። ሁለተኛ፣ ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ሁኔታና ሰላም ከሹፌሮች ጠይቁ፤ ቀን ሄዳችሁ ቀን ግቡ። ሦስተኛ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ጋቢና ወፍራም ካልሲ አይርሳ። ተጨማሪ ቀን ያላቸው ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውን የሐይቅን ውኃ ማየት ይችላሉ፤ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ግን የወንዶች ገዳም በመሆኑ ሴቶች እንደማይገቡበት ቀድሞ ማወቅ ደግ ነው። ለማደሪያ አቅም ለሌላቸውም ቢሆን ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ጉዞ ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ እኅቶቼ፣ አገልግሉን ቤት ተዉት። ልጆቹም አይራቡም፤ ቤቱም አይፈርስም። እናንተም ወንድሞች፣ ሚስቶቻችሁ መነጽር የጀመሩ እንደሆነ ዛሬ ማታ ቀና ብላችሁ እዩ።