ዕጣን ከመተማ ቆላ እስከ መቅደስ

ቅዳሴ ያለ ዕጣን አይጀመርም። ኪዳን ሲደርስ፣ ማኅሌት ሲቆም፣ ለሞተ ሰው ፍትሐት ሲደረግ ካህኑ ጽናውን ይዘው ይወጣሉ፤ ምእመናንም ዝቅ ብለው ይሰግዳሉ። ስለት ያለበት ሰው ጧፍና ዘቢብ ሲገዛ ዕጣኑንም አይረሳም። ለአምልኳችን ይህን ያህል ቅርብ የሆነው ነገር ከየት እንደሚመጣ፣ ማን እንደሚለቅመው፣ በጸሎት ውስጥስ ምን ቦታ እንዳለው ሲነገር ግን እምብዛም አይሰማም። ይህን ለማስረዳት መነሻ የማደርገው ምዕራብ ጎንደርን፣ የመተማን ቆላ ነው።

መተማ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ ቆስለው ያረፉት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. እዚያ ነበር፤ የድንበሩ ከተማም በስማቸው መተማ ዮሐንስ ተብላለች። ከማዶዋ የሱዳኗ ገላባት አለች። ከጎንደር ተነስቶ በአዘዞ በኩል ወደ ገንዳ ውኃ የሚወርድ መንገደኛ ደጋው ሲያልቅና ሙቀቱ ሲጀምር በፊቱ ይታወቀዋል፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ለጥ ያለው መሬት የሰሊጥ፣ የማሽላና የጥጥ ነው። ጭንጫውና ኮረብታው ላይ ግን ደረቅ የቆላ ደን አለ፣ የዕጣን ዛፍ የሚበቅለውም እዚያ ነው።

ይህ ዛፍ በሳይንስ ስሙ ቦስዌሊያ ፓፒሪፌራ ይባላል። ቅርፊቱ ስስ ሆኖ እንደ ወረቀት እየተላጠ ይነሳል፤ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። በጋ ሲገባ ቅጠሉን ያራግፋል፤ አበባውንም የሚያወጣው ቅርንጫፉ ራቁቱን ሳለ ነው። በሀገራችን በትግራይ፣ በአማራ ክልል ቆላዎችና በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ይገኛል። ገበያ ላይ የትግራይ ዕጣን የሚባለው ዓይነት የዚህ ዛፍ ነው፤ የኦጋዴንና የቦረና የሚባሉት ከሌሎች ዛፎች ይገኛሉ። እንግዲህ ጎንደር ከተማ ያለ አንድ ደብር የሚያጥነው የትግራይ ዕጣን የተለቀመው መተማ ወይም ቋራ ሊሆን ይችላል።

ዕጣን የዛፉ ፍሬ አይደለም፤ ዛፉ ሲቆስል ቁስሉን ለመድፈን የሚያወጣው ሙጫ ነው። ሥራው የሚጀመረው ክረምቱ ሲወጣ፣ ጥቅምት ገደማ ነው። ሠራተኛው ሚንጋፍ የሚሉትን ስለታም መሣሪያ ይዞ ከግንዱ ላይ ጥቂት ቦታዎችን መርጦ ቅርፊቱን በስሱ ይፍቃል። በመጀመሪያው ፍቅ ብዙ አይገኝም። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ የደረቀውን ሙጫ ይለቅምና ያንኑ ቁስል ትንሽ ያሰፋዋል፤ ነጩና ጥሩው ዕጣን የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ መመላለስ እስከ ሰኔ፣ ዝናቡ እስኪጥል ይቀጥላል። አንዱ ዛፍ ካንዱ ራቅ ብሎ ስለሚቆም የቀኑ ሥራ ከመፋቅ ይልቅ መሄድ ነው፤ ያውም በዳገት፣ ውኃ ተሸክሞ፣ በዚያ ሙቀት። ወባ አለ፣ እባብ አለ። በመተማ ሥራውን የሚያውቁት ሰዎች ለብዙ ዘመን ከትግራይ ይመጡ ነበር፤ ከጎንደርና ከጎጃም ደጋ የሚወርዱም አሉ። ከዚያ ዕጣኑ ወደ መጋዘን ይገባና በመጠኑና በንጣቱ ይለያል። ቁጭ ብለው በእጃቸው አንድ በአንድ የሚመርጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ትልልቁና ነጩ ለውጭ ገበያ ሲሄድ ከዚያ የሚያንሰው ለሀገር ቤት ይቀራል።

የሥራው ወራት ከአጽዋማቱ ጋር እንዴት እንደሚገጥም ልብ ይሏል። ጥቅምት ጽጌ ነው፤ ከኅዳር አጋማሽ ጀምሮ ጾመ ነቢያት ይያዛል፤ ቀጥሎ ነነዌና ዐቢይ ጾም። እኛ ቤተ ክርስቲያን በምንመላለስበት በዐቢይ ጾም፣ ዕጣን ለቃሚው በዓመቱ ሙቀት መካከል ከዛፍ ዛፍ ይሄዳል። ከአጽዋማቱ ሌላ ቤተ ክርስቲያን በየቀኑ ሰባት የጸሎት ጊዜያት አሏት፤ ነግህ፣ ሦስት ሰዓት፣ ስድስት ሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሠርክ፣ ንዋምና መንፈቀ ሌሊት። ነቢዩ ዳዊት በመዝሙር 118 በቀን ሰባት ጊዜ ማመስገኑን ከመናገሩ የተወሰደ ሥርዓት ነው። ሦስት ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ የወረደበት፣ ስድስት ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ ዘጠኝ ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ የሰጠበት ነው። እነዚህን ሰዓቶች ለመጠበቅ የግድ መጽሐፍ መግለጥ ወይም ደወል መስማት አያስፈልግም። ቤተ ክርስቲያን ርቆት በረሃ ውስጥ የሚውል ሰው ፀሐይዋ አናቱ ላይ ስትደርስ ሚንጋፉን አስቀምጦ፣ አማትቦ፣ አቡነ ዘበሰማያት ቢደግም የስድስት ሰዓቱን ጸሎት አድርሷል። ሙሉውን ሰዓታት መቆም ለማይችል ሰው አባቶች የሚመክሩትም አጭሩን ጸሎት ሳያቋርጥ እንዲይዝ ነው። እኔ እንደማምነው፣ ቢሮ ለሚውለውም ሆነ ሱቅ ለሚጠብቀው ትልቁ ትምህርት ይኸው ነው፤ ጸሎት ሥራ እስኪያልቅ የሚጠበቅ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ መቅደሱ እንግባ። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 አሮን ጠዋትና ማታ በእግዚአብሔር ፊት እንዲያጥን ታዟል። ዕጣኑ ከምን ከምን እንደሚቀመም ተነግሮ፣ ያንኑ ቅመም ለራሱ ደስታ የሚሠራ ሰው ግን ከሕዝቡ እንደሚለይ ተጽፏል። ዳዊት በመዝሙር 140 ጸሎቱ እንደ ዕጣን እንዲያርግለት ይለምናል። ዘካርያስ የዮሐንስን መወለድ ከመልአኩ የሰማው ሲያጥን ነው፤ ሕዝቡም በዚያው ሰዓት በውጭ ቆሞ ይጸልይ ነበር። ሰብአ ሰገል ለሕፃኑ ካመጡት እጅ መንሻ አንዱ ዕጣን ነው። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 8 ደግሞ መልአኩ የወርቅ ጽና ይዞ ይቆማል፣ የዕጣኑም ጢስ ከቅዱሳን ጸሎት ጋር ወደ እግዚአብሔር ፊት ይወጣል። አንዳንድ ክርስቲያኖች ዕጣን የኦሪት ሥርዓት ብቻ ነው ይላሉ፤ ለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ይህን የራእይ ክፍልና የሚልክያስን ትንቢት ትጠቅሳለች። ሚልክያስ በምዕራፍ 1 በአሕዛብ መካከል በየስፍራው ለስሙ ዕጣን እንደሚታጠን ተናግሯልና።

ጽናው ራሱ ትምህርት አለው። አባቶቻችን ጽናውን በእመቤታችን፣ ውስጡ ያለውን ፍሕም በልጇ ይመስሉታል፤ ፍሕሙ ጽናውን እንዳላቃጠለው መለኮትም ማኅፀኗን አላቃጠለውም። የማጠን ሥልጣን የካህን ነው፤ ዲያቆን አያጥንም። ለዚህ የሚጠቀሱት ሁለት ታሪኮች ናቸው። ቆሬና አብረውት ያሉት ያልተሰጣቸውን ክህነት ሽተው ጽና በማንሳታቸው ጠፍተዋል፤ ንጉሡ ዖዝያን መቅደስ ገብቶ ሊያጥን ሲል ግንባሩ ላይ ለምጽ ወጥቶበታል። እኔ ግን ከቆሬ ታሪክ ቀጥሎ ያለውን አብዝቼ እወደዋለሁ። መቅሠፍቱ በሕዝቡ መካከል በጀመረ ጊዜ አሮን ጽናውን ይዞ እየሮጠ ወጣ፣ በሞቱትና በሕይወት ባሉት መካከልም ቆመ፤ መቅሠፍቱም ተከለከለ። ካህኑ ዛሬም ጽናውን ይዘው በሕዝቡ መካከል ሲያልፉ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ለታመመው፣ ለተሰደደው፣ በየበረሃው ላለው ሰው ሁሉ በመካከል ቆመው ይለምናሉ። ጢሱ ሲደርስብን አንገታችንን ዝቅ የምናደርገውም ስለዚህ ነው።

ታዲያ ቤታችን በቡና ላይ የምናጨሰው ዕጣንስ? እሱ ለቤት መልካም ሽታ መስጫ፣ እንግዳ ማክበሪያ ነው፤ ነውር የለበትም። ገላባት ማዶ ያሉት ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቤታቸውን በዕጣን ያጥናሉ። ምእመኑ በቤቱ ዳዊቱን ሲደግም፣ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ሲያደርስ ዕጣን ባይኖረው ጸሎቱ አይጎድልበትም። ዳዊት የለመነው ጸሎቱ ራሱ በዕጣን ፈንታ እንዲቆጠርለት ነውና።

ከዚህ በኋላ ያለው ከበድ ይላል። ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ እግዚአብሔር የሕዝቡን ዕጣን እንደተጸየፈው ይናገራል። ምክንያቱ ዕጣኑ መጥፎ ስለነበር አይደለም። እጃቸው በደም ተሞልቶ ነበር፤ ለድሀ አደጉ አልፈረዱም፣ ለመበለቲቱ አልተሟገቱም። ሐዋርያው ያዕቆብም በአምስተኛው ምዕራፍ እርሻ ያጨዱ ሠራተኞች የተነፈጉት ደመወዝ እንደሚጮህ፣ ጩኸቱም ወደ ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ጽፏል። እነዚህን ሁለት ምዕራፎች መተማ ላይ ሆኖ ማንበብ ሌላ ነው። የዕጣን ለቃሚው ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በኪሎ ነው። የወሰደው ስንቅ ከሒሳቡ የሚቀነስበት ጊዜም አለ። ሚዛኑ ቢዋሽ፣ ሒሳቡ ቢዘገይ፣ ታሞ ሲወድቅ የሚያሳክመው ቢያጣ፣ ያ ዕጣን መቅደስ ሲገባ ከነጩኸቱ ነው የሚገባው። የሰሊጥ አጫጁም ነገር እንዲሁ ነው፤ በመስከረምና በጥቅምት ከደጋው ወደዚህ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ብዙ ነው። ዕጣን አምራቹም፣ ነጋዴውም፣ የሰሊጥ ባለሀብቱም አብዛኛውን ጊዜ ጸሎተኛ ሰዎች ናቸው። የሠራተኛውን ሒሳብ በቀኑ መክፈል ከጸሎታቸው ተለይቶ የሚታይ ነገር አይደለም።

ሌላው ዛፉ ነው። የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች መተማ ላይ ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ2012 ሲያሳትሙ፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ የዕጣን ዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ፣ ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስልተዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሱዳን 23 ቦታዎችን አይቶ፣ በአብዛኞቹ ወጣት ዛፍ እንደሌለ አሳይቷል፤ ያሉት አሮጌዎች ናቸው፣ ተተኪ የለም። ችግኝ ይበቅላል፤ ግን ከብት ይግጠዋል፣ በበጋ የሚለቀቀው እሳት ይበላዋል፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሥሩ ያቆጠቁጥና ያው ይደገማል። ግንድ ሰርሳሪ ጥንዚዛም ትልልቁን ይጥላል። መሬቱ ለሰሊጥና ለሠፈራ ሲመነጠርም ደኑ ይሸሻል። መፋቁስ? ያልተፋቀውም ዛፍ እየቀነሰ መሆኑ ስለታወቀ ጥፋቱን ሁሉ በለቃሚው ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው። ነገር ግን ያለ ዕረፍት መፋቅ ዘሩን ያደክማል። ኤርትራ ውስጥ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2006 በታተመ ጥናት፣ ካልተፋቁ ዛፎች የተገኘ ዘር ከ80 በመቶ በላይ ሲበቅል ከተፋቁት የተገኘው 16 በመቶ እንኳ አልሞላም።

ደኑ የቆየበት ቦታም አለ። በዚሁ ቆላ፣ በመተማና በቋራ በረሃ፣ ማኅበረ ሥላሴ አንድነት ገዳም አለ። አንድነት ገዳም ማለት መነኮሳቱ የግል ሀብት ሳይኖራቸው በአንድነት የሚጸልዩበት፣ በአንድነት የሚሠሩበትና ከአንድ ማዕድ የሚበሉበት ገዳም ነው። ከማኅሌቱ የወጣው መነኩሴ ወደ እርሻው ይሄዳል፤ ሁለቱም ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አገልግሎት ናቸው። በገዳሙ ዙሪያ ያለው ደን እስከ ዛሬ መቆየቱም ከዚህ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ነው፤ የገዳም ዛፍ ያለ ፈቃድ አይቆረጥም።

ከተማ ያለው ምእመን ምን ያድርግ ቢባል የሚቻለው ጥቂት አይደለም። ለስለት ዕጣን ሲገዛ ርካሹን አይምረጥ። ሽቶና ሌላ ሙጫ የተደባለቀበትን ሳይሆን ንጹሑን ይጠይቅ፣ ከየት እንደመጣም ነጋዴውን ይጠይቅ፤ ጠያቂ ሲበዛ ነጋዴውም ወደ ኋላ መጠየቅ ይጀምራል። ቆላው ላይ ያሉ አጥቢያዎችና ሰንበት ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ማድረግ ይችላሉ። የዕጣን ዛፍ ከቅርንጫፉ ተቆርጦ ይተከላል፤ ከክረምቱ ዝናብ በፊት ጉንዱ (የተቆረጠው ቅርንጫፍ) መሬት ውስጥ ሲገባ ሥር ይሰዳል። ዋናው ሥራ ከዚያ በኋላ ነው፤ ከከብት ማጠር፣ በበጋ ዙሪያውን ሣሩን አጭዶ እሳት እንዳያልፍ ማድረግ፣ ለብዙ ዓመት ሚንጋፍ ሳያስነኩ መተው። የቆሙትንም ትልልቅ ዛፎች ተራ ይዞ ማሳረፍ፣ በቀጭኑ ግንድ ላይ ቁስል አለማብዛት ባለሙያዎች ደጋግመው የሚመክሩት ነው። አንድ ደብር ግቢውን አጥሮ ሃያ ጉንድ ቢተክል፣ ዛሬ ሰንበት ትምህርት ቤት ያሉት ልጆች ልጅ ሲያደርሱ የሚታጠነው ከዚያ ነው።