የላይኛው የምግብ መተላለፊያ ኢንዶስኮፒ

የላይኛው የምግብ መተላለፊያ ኢንዶስኮፒ (ጋስትሮስኮፒ) የምግብ ቧንቧን፣ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት የመጀመሪያ ክፍል ከውስጥ ለማየት የሚደረግ ምርመራ ነው። የሚሠራው ጫፉ ላይ መብራትና ካሜራ ያለውን፣ አንድ ሴንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለውን ተጣጣፊ ቱቦ በአፍ በማስገባት ነው።

ታሪክ

ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል በ1868 እ.ኤ.አ. ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ሰይፍ በሚውጥ ትርኢተኛ ላይ ሞከረ። በመስታወት ክሮች የሚሠራውን ተጣጣፊ መሣሪያ ደግሞ ባዚል ሂርሾዊትዝ በ1957 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጠቀመበት።

መቼ ይታዘዛል?

ብዙ ሰው የሆድ ማቃጠልን «ጨጓራ ነው» ብሎ መድኃኒት ገዝቶ ይውጣል። መድኃኒቱ ሕመሙን ሊያስታግስ ቢችልም የቁስለት ወይም የካንሰር ምልክትንም ሊሸፍን ይችላል። ስለዚህ ምግብ ለመዋጥ መቸገር፣ ያለምክንያት መክሳት፣ ደም ማስመለስ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ፣ የማያቋርጥ ትውከትና የደም ማነስ ሲኖሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

በምርመራው ሐኪሙ ትንሽ ናሙና ሊወስድ ይችላል፤ ይህ አያምም። ናሙናው ካንሰርን ወይም ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ለመለየት ይረዳል። ናሙና መወሰዱ ብቻውን ካንሰር አለ ማለት አይደለም። መሣሪያው ለሕክምናም ያገለግላል፦ የሚደማ ቁስለትን ለማቆም፣ እንዲሁም በጉበት በሽታ ወይም በቢልሃርዝያ ምክንያት በምግብ ቧንቧ ውስጥ ያበጡ ደም ሥሮችን ለማሰር ይውላል።

ዝግጅት

ጨጓራ ባዶ መሆን አለበት። ምግብ ካለ ለማየት ያስቸግራል፤ ወደ ሳንባ ገብቶም አደጋ ሊያደርስ ይችላል። በአብዛኛው ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለ6 ሰዓት ምግብ አይበላም፤ ወተት የገባበት ሻይና ቡናም እንደ ምግብ ይቆጠራል። ውኃ መቼ እንደሚቆም ሐኪሙ ይናገራል።

ደም የሚያቀጥን መድኃኒት (ለምሳሌ ዋርፋሪን) ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ፣ አለርጂ ያለበት ወይም ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው አስቀድሞ መናገር ይገባል። እነዚህን መድኃኒቶች በራስ ውሳኔ ማቆም አደገኛ ነው። ኦሜፕራዞል የባክቴሪያውን ምርመራ ውጤት ሊያዛባ ስለሚችል መውሰድም ይነገራል።

አሠራሩ

ጉሮሮ በሚረጭ መድኃኒት ይደነዝዛል፤ እንደ ሁኔታው የሚያረጋጋ መርፌም ይሰጣል። ታካሚው በግራ ጎኑ ተኝቶ ጥርሱን የሚጠብቅ መያዣ ይነክሳል። ቱቦው የሚያልፈው በምግብ ቧንቧ እንጂ በአየር ቧንቧ ስላልሆነ መተንፈስ አይከለከልም። ሲገባ ማቅለሽለሽ ይኖራል፤ ቀስ ብሎ መተንፈስ ያቃልለዋል። ምርመራው ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ይወስዳል።

ከምርመራው በኋላ

የጉሮሮ ድንዛዜ እስኪለቅ መብላትና መጠጣት አይገባም። የሚያረጋጋ መርፌ የተሰጠው ሰው አጃቢ ያስፈልገዋል፤ ለ24 ሰዓትም መኪና መንዳት የለበትም። ቀላል የጉሮሮ ሕመምና የሆድ መነፋት ብዙም ሳይቆዩ ይጠፋሉ።

መድማትና የምግብ መተላለፊያው መቀደድ እምብዛም አያጋጥሙም። ሆኖም ኃይለኛ የደረት ወይም የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት፣ የመተንፈስ ችግር፣ ደም ማስመለስ ወይም የጠቆረ ሰገራ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።