ተጨማሪ መረጃ፦ ሁለት ብረት በአንድ ሽቦ

ከበለስ ማመንጫ ተነሥቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ሱሉልታ የሚደርሰው፣ ከግልገል ጊቤ 2 ማመንጫ ደግሞ ሰበታ የሚገባው የኤሌክትሪክ መስመር 400 ኪሎ ቮልት የሚሸከም ነው። ለእንዲህ ያሉ ረጃጅም መስመሮች በብዛት የሚዘረጋው ሽቦ ሁለት ብረቶችን ያጣምራል፤ ውጩ አሉሚኒየም፣ መሃሉ በዚንክ የተለበጠ አረብ ብረት ነው። በአንደኛው ዓይነት 26 የአሉሚኒየም ሽቦዎች በ7 የአረብ ብረት ሽቦዎች ዙሪያ ይጠመጠማሉ።

አሉሚኒየም ቀላልና ጥሩ አስተላላፊ ቢሆንም ሲወጠር ቶሎ ይበጠሳል። በውፍረት እኩል የሆነ የአረብ ብረት ሽቦ ግን ከ6 እጥፍ በላይ ጉተታ ይችላል። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን በአብዛኛው አሉሚኒየሙ ያስተላልፋል፤ ከሽቦው ክብደትና ከነፋስ የሚመጣውን ውጥረት ደግሞ ለመቋቋም አረብ ብረቱ ጥንካሬ ይሰጣል። ዚንኩ ዝገትን ይከላከላል።

ጥንቃቄ፦ የወደቀ የኤሌክትሪክ ሽቦ ካያችሁ ፈጽሞ አትቅረቡ።