የትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር ቁልፍ በማን እጅ ይሁን?

በመቱ፣ በጎሬ ወይም በኡካ የሚማርና በቤቱ ኮምፒዩተር የሌለው ተማሪ ልምምዱን የሚያደርገው በትምህርት ቤቱ ማሽን ላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለተወሰኑ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠቱ ደግሞ የዚህን ልምምድ አስፈላጊነት ከፍ አድርጎታል። ስለዚህ አንድ ኮምፒዩተር በቫይረስ ሲበላሽ የሚጎዳው ዕቃው ብቻ ሳይሆን ተራውን ሲጠብቅ የቆየው ተማሪም ነው። ታዲያ ብዙ ሰው የሚፈራረቅበትን ማሽን እንዴት ጤናማ አድርገን ልናቆየው እንችላለን?

በመሠረቱ አንድ ፕሮግራም የሚሠራው በከፈተው ሰው ሥልጣን ነው። በአስተዳዳሪ አካውንት የገባ ተማሪ ዘፈን መስሎት ከፍላሽ ላይ ቫይረስ ቢከፍት ቫይረሱ የአስተዳዳሪውን ሥልጣን ይወርሳል፤ የሲስተሙን ፋይሎች ሊለውጥ፣ ጸረ ቫይረሱንም ሊያጠፋ ይችላል። በተራ ተጠቃሚ አካውንት ከከፈተው ግን ጉዳቱ በአብዛኛው በዚያው ተጠቃሚ ፋይሎች ላይ ይወሰናል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ሳልዘርና ሽሮደር የተባሉ ተመራማሪዎች፣ ማንኛውም ተጠቃሚም ሆነ ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ ሥልጣን ሊኖረው እንደማይገባ አስፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ግን ሲጫን የሚፈጠረውን የመጀመሪያ አካውንት አስተዳዳሪ ያደርገው ስለነበር፣ ብዙዎች ሳያውቁት በሙሉ ሥልጣን ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የታየው ኮንፊከር የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ደግሞ በኔትወርክና በፍላሽ አማካይነት ዓለምን አዳርሷል።

በተግባር ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ ተማሪዎችም ሆኑ መምህራን ለዕለት ሥራቸው ተራ አካውንት ይጠቀሙ። ሁለተኛ፣ የአስተዳዳሪው የይለፍ ቃል በአንድ ሰው ጭንቅላት ብቻ አይቅር። መምህሩ ተዛውሮ ሲሄድ ማሽኖቹ እንዳይቆለፉ፣ ቃሉ በታሸገ ፖስታ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ይቀመጥ። ሦስተኛ፣ ለትምህርቱ የሚያስፈልጉ ሶፍትዌሮች ከሴሚስተሩ በፊት ከአዘጋጆቻቸው ተገኝተው በሁሉም ማሽኖች ላይ ይጫኑ፤ የተጫነውም በመዝገብ ይያዝ። አራተኛ፣ ተማሪው አዲስ ሶፍትዌር ሲፈልግ የሚጠይቅበት ግልጽ መንገድ ይኑር። መንገዱ ከተዘጋበት የይለፍ ቃሉን ለመስበር መሞከሩ አይቀርም።

ይህ ሁሉ ሲደረግ ግን ፍጹም ዋስትና አይገኝም። አንዳንድ ፕሮግራሞች በተጠቃሚው የግል ፎልደር ውስጥ ያለ አስተዳዳሪ ፈቃድ ይጫናሉ፤ የተጠቃሚው የራሱ ፋይሎችም ለአደጋ እንደተጋለጡ ይቆያሉ። በመሆኑም ጠቃሚ ጽሑፎችን በሌላ ቦታ ቀድቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

የመማሪያ ክፍሉን ሁላችንም ስንጠቀምበት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍ ግን ሁላችንም አንይዝም። በዚህ ማንም እንደ ሌባ ተቆጠርሁ ብሎ አይቀየምም። የኮምፒዩተር ፈቃድም እንዲሁ ነው፤ ዓላማው ከእኛ ቀጥሎ የሚቀመጠው ተማሪ የሚሠራ ማሽን እንዲያገኝ ነው።