የእብነ በረድ የአትክልት ሐውልት፦ ከድንጋዩ እስከ ሐራጁ

የአትክልት ሐውልት ለግቢ፣ ለመናፈሻ ወይም ለፏፏቴ ዳር ተቀርጾ በዝናብና በፀሐይ የሚቆም ምስል ነው። በጥንታዊ ግሪክና ሮም አሠራር የሚቀረጸው ብዙውን ጊዜ ከነጭ እብነ በረድ ነው። የቆዩት የምስል ዓይነቶች ጥቂት ናቸው፤ የግሪክና የሮም አማልክት፣ በሴቶች ወይም በሕፃናት መልክ የሚወከሉት አራቱ ወቅቶች፣ አንበሶች፣ እንዲሁም ባለ እግር ትልልቅ የአበባ ማስቀመጫዎች።

የድንጋዩ ስም ከግዕዝ የመጣ ነው። «እብን» ድንጋይ፣ «በረድ» ደግሞ ከሰማይ የሚወርደው በረድ ነው፤ ንጣቱም ቅዝቃዜውም በስሙ ውስጥ አለ። እብነ በረድ የሚገኘው የኖራ ድንጋይ በመሬት ውስጥ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት ሲለወጥ ነው። ዋነኛው ማዕድኑ ካልሳይት በጥንካሬ መለኪያ 3ኛ ደረጃ ላይ ስለሚገኝ ብረት በቀላሉ ይቆርጠዋል። አንድ ሜትር ኩብ እብነ በረድ ወደ 2.7 ቶን ይመዝናል።

በምዕራብ ጎጃም ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ በየማሳውና በየአጥሩ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ግን ባዛልት ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ ከመሬት ውስጥ የፈሰሰ ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ የፈጠረው ነው። ከእብነ በረድ በጣም ይጠነክራል። የአካባቢው ሰው ይህን ድንጋይ የሚያውቀው በግንብ፣ በአጥርና በወፍጮ ነው። ወፍጮ ፊቱ ሲለሰልስ እህል ስለማይፈጭ በሌላ ጠንካራ ድንጋይ እየተመታ ይወቀራል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት የሚጠሩበት ስም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው። እብነ በረድ ያለበት ጥንታዊ አለት የሚገኘው ከደጋው በስተ ምዕራብ ወደ ቆላው ሲወረድ ነው። ቀድሞ በጎጃም ክፍለ ሀገር ሥር በነበረው መተከል በቡለንና በማንኩሽ አካባቢ፣ እንዲሁም ከዓባይ ማዶ በዳለቲ እብነ በረድ አለ።

በኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ ጥበብ የቅዱሳን ምስል በብዛት የሚገኘው በግድግዳ፣ በሰሌዳና በብራና ላይ በቀለም ተሥሎ ነው። በላሊበላ ቤተ ጎልጎታ በግድግዳው ላይ ጎልተው የተቀረጹት ቅዱሳን ከጥቂቶቹ ልዩ ሥራዎች መካከል ናቸው። ዙሪያውን ሊዞሩት የሚችሉት የአትክልት ሐውልት ከሌላ ባህል የመጣ ነው። እብነ በረድ በከተሞች ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በወለል፣ በደረጃና በመቃብር ሐውልት ነው።

የአትክልት ሐውልት ታሪክ ከሮም ሀብታሞች ግቢ ይጀምራል። ሮማውያን የግሪክን የነሐስ ሐውልቶች በእብነ በረድ እያስገለበጡ በቤታቸው አትክልት ያቆሙ ነበር። ነሐስ በቀጭን እግር ይቆማል፤ እብነ በረድ ግን ጭነቱን ሲሸከም እንጂ ሲጎብጥና ሲሳብ አይችልም። ስለዚህ በቅጂዎቹ እግር አጠገብ የዛፍ ግንድ ወይም ሌላ ድጋፍ ተጨመረ። እነዚህ ሥራዎች በኋለኛው ዘመን ከመሬት እየተቆፈሩ ሲወጡ የጣሊያን መኳንንት አትክልቶቻቸውን አስጌጡባቸው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛም እ.ኤ.አ. በ1674 ለቬርሳይ አትክልት 24 ሐውልቶች በአንድ ትእዛዝ እንዲቀረጹ አደረገ። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን ጣሊያንን የጎበኙ እንግሊዛውያን ባለጸጎች ልማዱን ወደ አገራቸው ወሰዱት። በቱስካኒ የምትገኘው የካራራ ከተማ የቀራጺዎች የሥራ ቤቶችም ለገበያው ሐውልት ያቀርቡ ጀመር።

ሥራው የሚጀምረው ከሸክላ ነው። ቀራጺው ምስሉን በሸክላ ካበጀ በኋላ በጀሶ ይገለበጣል። ከጀሶው ወደ ድንጋዩ የሚተላለፈው በነጥብ መለኪያ መሣሪያ ነው። ተንቀሳቃሽ መርፌ ያለው ይህ ማዕቀፍ በጀሶው ላይ የአንድን ነጥብ ጥልቀት ይለካል፤ ከዚያ በድንጋዩ ላይ እስከዚያው ጥልቀት ይቦረቦራል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጥቦች ሲሞሉ የምስሉ ቅርጽ ይወጣል። ሹል መሮ ትርፉን ያነሣል፣ ጥርሳም መሮ ገጽታውን ያቀርባል፣ ጠፍጣፋ መሮና ሞረድ ያለሰልሱታል። የፀጉር እጥፋትና የልብስ ሽብሽብ በመሰርሰሪያ ይከፈታል። በብዙ የሥራ ቤቶች ዋናው ባለሙያ የሚነካው ሸክላውንና የመጨረሻውን ገጽ ሲሆን መካከለኛውን ድካም የሚሸከሙት ረዳቶቹ ናቸው።

ደጅ የሚውል እብነ በረድ ያረጃል። የዝናብ ውኃ ከአየር ጋር ሲገናኝ ጥቂት አሲድ ስለሚይዝ ካልሳይቱን ቀስ በቀስ ያሟሟል። የፊቱ ልስላሴ ይጠፋል፣ ገጹ እንደ ስኳር ይሸረፋል፣ አፍንጫና ጣት ይደበዝዛሉ። በብርድ አገር በስንጥቁ የገባ ውኃ በረዶ ሆኖ ሲያብጥ ድንጋዩን ይሰነጥቀዋል። በምዕራብ ጎጃም ዓይነት ሥፍራ ትልቁ ፈተና ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው የክረምት ዝናብ ነው፤ ውኃ በማይቋጥር መቆሚያ ላይ ማቆም ዕድሜውን ያራዝማል። በጠንካራ ብሩሽ ወይም በአሲድ ማጠብ ግን የቀረውን የቀራጺ እጅ ምልክት ጭምር ይወስዳል።

በእውነተኛ እብነ በረድ ስም ከድንጋይ ዱቄትና ከሙጫ በቅርጽ ማውጫ የተሠራም ይሸጣል። የዚህ ምልክቱ የመጋጠሚያ መስመርና ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ነው። እጅ ሲያርፍበትም ቶሎ ይሞቃል።

አሮጌ የአትክልት ሐውልት ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በሐራጅ ነው። የአጫራቹ ድርጅት ዕቃውን መርምሮ ቁመቱን፣ ጉዳቱን፣ የተጠገነውን ክፍልና የዋጋ ግምቱን በመዝገብ ያትማል። ሻጩ ከዚያ በታች አልሸጥም የሚለውን ዋጋ በምስጢር ያሳውቃል። አጫራቹ መዶሻውን ሲመታ ሽያጩ ይጸናል፤ ገዢው ግን በጨረታው ዋጋ ላይ የድርጅቱን ድርሻ ጨምሮ ይከፍላል። በመዝገቡ እያንዳንዱ ቃል ክብደት አለው። «የእገሌ ሥራ» ሲባል ሙሉ ማረጋገጫ ነው፤ «የእገሌ እንደሆነ የሚታመን» ሲባል ግን የባለሙያ ግምት ነው። «በእገሌ አሠራር» ከተባለ የሌላ ሰው፣ ምናልባትም የሌላ ዘመን፣ ሥራ ነው።

የስም ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የአንቶኒዮ ካኖቫ ሐውልት ያሳያል። ጣሊያናዊው ቀራጺ የተጋደመችውን መግደላዊት ማርያም ለእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ሎርድ ሊቨርፑል ቀርጾ የጨረሰው እ.ኤ.አ. በ1822 ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ነበር። ሐውልቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የቀራጺው ስም ጠፋና እ.ኤ.አ. በ2002 በአትክልት ሐውልቶች ሐራጅ 5,200 ፓውንድ ተሸጠ። የካኖቫ መሆኑ ከታወቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2022 ክሪስቲስ የተባለው የጨረታ ቤት ከ5 እስከ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ገመተው። ድንጋዩ ያው ነው፤ ግምቱን አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ያሳደገው የታሪኩ መታወቅ ነው።

ስለዚህ የዕቃውን የእጅ ቅብብል መዝግቦ መያዝ ከውበቱ እኩል ይፈለጋል። ለኢትዮጵያውያን ጉዳዩ የራሳቸውም ነው። የመቅደላ ምሽግ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ የእንግሊዝ ጦር የዘረፈውን ዕቃ በደላንታ ሜዳ በሐራጅ ሸጦ ገንዘቡን ለወታደሮቹ አከፋፍሏል። ከዚያ የወጡ ቅርሶች ዛሬም በሙዚየሞችና በግል ቤቶች ይገኛሉ። ሐውልት የሚገዛ ሰው የሻጩን ደረሰኝ፣ የቀድሞውን የሐራጅ መዝገብና ከአራቱም ጎን የተነሣ ፎቶግራፍ ከዕቃው ጋር አብሮ ያኖራል፤ ለሚቀጥለው ባለቤትም አብሮ ያስረክባል።