ያውቁ ኖሯል? ቁስ አካልን ግድግዳ ላይ የሚያስረው ሒሳብ

(ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)

የምናየው ዓለም ሁሉ፣ ከዋክብቱን ጨምሮ፣ ከምናውቃቸው ሦስቱ ሌላ ተጨማሪ አቅጣጫ ባለው ጠፈር ውስጥ በተዘረጋ ስስ ግድግዳ ላይ ታስሮ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ኖሯል? ቫለሪ ሩባኮቭና ሚካኢል ሻፖሽኒኮቭ የተባሉ የሶቪየት የፊዚክስ ሊቃውንት በ1983 ይህንኑ ጥያቄ የጽሑፋቸው ርዕስ አድርገውታል። ዛሬ ግድግዳው «ብሬን» ይባላል። ሐሳቡ እስካሁን በሙከራ አልተረጋገጠም።

ከርዝመት፣ ከወርድና ከቁመት ሌላ አቅጣጫ ካለ ታዲያ ለምን ወደዚያ አንሾልክም? መልሱ ከ1976 ጀምሮ የታወቀ ሒሳብ ነው፤ ባለቤቶቹ ሮማን ጃኪቭና ክላውዲዮ ሬቢ ናቸው። ለአንድ ቅንጣት መጠነ ቁስ የሚሰጥ መስክ አለ እንበል። ከግድግዳው ወዲህ ዋጋው ፖዘቲቭ፣ ከወዲያ ኔጌቲቭ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የግድ በዜሮ ያልፋል፤ ዜሮ የሚሆነው ደግሞ ግድግዳው መካከል ነው። ስለዚህ ቅንጣቱ እዚያ ላይ ቀላል፣ ከዚያ ውጭ ከባድ ይሆናል። ለመውጣት የሚበቃ ጉልበት ስለሌለው እዚያው ይቀራል። ማንም አላሰረውም፤ የምልክቱ መገልበጥ ብቻ በቂ ነው። በበኩሌ ከዘመናዊ ፊዚክስ ሐሳቦች መካከል ይህን የሚያህል ውብ ጥቂት ነው እላለሁ።

ደግሞም ግድግዳው በእሽክርክሪታቸው አቅጣጫ ከሚለዩት ከግራኝና ከቀኝ ቅንጣቶች አንዱን ዓይነት ብቻ ነው የሚይዘው። በተፈጥሮም ደብሊው የተባለው የደካማው ኑክሌር ኃይል ተሸካሚ የሚነካው ግራኞቹን ብቻ ነው!

ብርሃንን ማሰር ግን ኤሌክትሮንን ከማሰር እጅግ እንደሚከብድ ያውቁ ኖሯል? የፕሮቶንና የኤሌክትሮን ቻርጅ መጠናቸው እኩል መሆኑ እስከ 21 አሃዝ ገደማ ተፈትኗል። የብርሃንን ቅንጣት፣ ፎቶንን፣ እንዲሁ በዘፈቀደ ግድግዳው ላይ ብናስረው ግን የቅንጣቶች ቻርጅ እንደየቦታቸው ሊለያይ ነው። ጊያ ድቫሊና ሚካኢል ሺፍማን በ1997 መውጫ አበጁ፦ ከግድግዳው ውጭ ያለው ጠፈር ኳርኮችን ፕሮቶን ውስጥ የሚቆልፈው ዓይነት ባሕርይ ካለው፣ የኤሌክትሪክ መስክ ወደ ውጭ መፍሰስ ስለማይችል እዚሁ ይታገዳል።

ቅንጣቶችን እንደ ረቂቅ ክሮች (ስትሪንጎች) በሚያየው በስትሪንግ ቲዎሪ ጉዳዩ ቀለል ይላል። ጆሴፍ ፖልቺንስኪ እንዳሳየው፣ ክፍት ስትሪንጎች ጫፋቸው ብሬን ላይ የተተከለ ነው። ስበትን የሚሸከመው ስትሪንግ ግን ዝግ ቀለበት ስለሆነ ጫፍ የለውም፤ እንደልቡ ይወጣል።

ስበት ደካማ የሆነው ወደ ውጭ ስለሚበተን ይሆን? ኒማ አርካኒ-ሐሜድ፣ ሳቫስ ዲሞፖሎስና ጊያ ድቫሊ በ1998 ተጨማሪው አቅጣጫ እስከ አንድ ሚሊ ሜትር ሊሰፋ ይችላል ብለው ሲነሡ፣ የኒውተንን የስበት ሕግ በዚያ ርቀት ላይ በወጉ የፈተነው አልነበረም። በሲያትል፣ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ያለው ቡድን በቀጭን ሽቦ የተንጠለጠለ ሚዛን ይዞ ተነሣ። በ2020 ባወጣው ውጤት ሕጉ እስከ 52 ማይክሮ ሜትር ድረስ፣ ማለትም ከጸጉር ውፍረት በማይበልጥ ርቀት፣ አልተዛነፈም።

ሊዛ ራንዳልና ራማን ሰንድረም ደግሞ በ1999 ጠፈሩ በበቂ ከጎበጠ ስበት ራሱ ግድግዳው አጠገብ እንደሚታሰር አሳዩ። እንዲያ ከሆነ ተጨማሪው አቅጣጫ ማለቂያ ባይኖረው እንኳ አናውቀውም።

ፕሮቶን የማይበሰብሰውስ ለምንድን ነው? አርካኒ-ሐሜድና ማርቲን ሽማልትስ በ2000 ግድግዳው ወፍራም ነው ብለው አሰቡ፤ ኳርኮች በአንደኛው ወገን፣ ኤሌክትሮንና ዘመዶቹ በሌላው ተቀምጠዋል። እምብዛም ስለማይገናኙ ፕሮቶን ወደ ኤሌክትሮን ወገን መለወጥ ይቸግረዋል።

የጃኪቭና የሬቢ ሒሳብ ግን ከጠፈር ርቆ በቤተ ሙከራ መታየቱን ያውቁ ኖሯል? በጀርመን በቩርትስቡርግ ዩኒቨርሲቲ በ2007 የሜርኩሪና የቴሉሪየም ውሁድ በሆነ ስስ ንብር ላይ በተደረገ ሙከራ፣ መሃሉ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ነበር፤ ኤሌክትሮኖቹ የሚሮጡት ዳር ዳሩን ነው። በዚያ ዳር ላይ የመጠነ ቁሱ ምልክት ይገለበጣል።